የሚቀፍ ታሪክ አሠራር፦ ለድምፅ የሚዘጋጅ አስፈሪ ትረካ ከፒያሳ

ይህ መመሪያ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ የሚወስድ፣ በአንድ ተራኪ ድምፅ የሚነበብና በስልክ የሚደመጥ አስፈሪ ትረካ ከመነሻው እስከ ቀረጻው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። የታሪኩ ቦታ መሀል አዲስ አበባ፣ በተለይም ፒያሳና ዙሪያዋ ነው። ድምፅን የመረጥሁት ወጪው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰሚ የሚሰማውን ነገር መልክ የሚሰጠው በራሱ ልብ ነው፤ ሰው ደግሞ ሌላው ሠርቶ ካሳየው ይልቅ ራሱ የሣለውን ይፈራል። ለሥራው የሚያስፈልጉት አንድ ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ እንዲሁም ይሉኝታ የማይዛቸው ሦስት ሰሚዎች ናቸው። የመጨረሻዎቹን ማግኘት ከሁሉም ይከብዳልና ፍለጋውን ከዛሬ ይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ፍርሃት እንደሚሠሩ ይወስኑ

አማርኛ ለፍርሃት ብዙ ቃል አለው፤ ለዚህ ሥራ ግን ሦስቱን ለይቶ መያዝ ይበቃል። የመጀመሪያው መበርገግ ነው። በር በኃይል ሲዘጋ ወይም ከኋላችን የመኪና ጥሩምባ ሲጮህ ልባችን ስንጥቅ የምትለው ያን ጊዜ ነው፤ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ግን ሰው በራሱ ይስቃል። ሁለተኛው መዘግነን ነው፤ ደም፣ ቁስል፣ የተቆረጠ አካል አይቶ ፊትን ማዞር ነው። ሦስተኛው መቅፈፍ ነው። አንድ ሰው «ምን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ያ ቤት ይቀፈኛል» ሲል የሚናገረው ይህን ነው። ምክንያቱን ቢጠይቁት አያውቀውም፤ ቢሆንም በዚያ ቤት ደጃፍ ማታ ማታ አያልፍም። «ቀፋፊ» የሚለው ቃል ለቆሻሻም ይነገራል፤ እኔ እዚህ የያዝሁት ግን ምክንያት የሌለውን መቅፈፍ ነው።

ልዩነቱን ሌሎችም ደርሰውበታል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ራድክሊፍ፣ እሷ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ በ1826 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፏ ላይ፣ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ለይታ አስቀምጣለች፤ አንዱ ገና በውል ያልታየውን በመጠበቅ ነፍስን የሚያነቃና የሚያሰፋ ሲሆን፣ ሌላው በግልጽ የታየውን በመጋፈጥ የሚያኮማትርና የሚያደርቅ ነው። የእኛ መቅፈፍ ከፊተኛው ወገን ይመደባል።

እኔ ይህን የተማርሁት ተዋርጄ ነው። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ቤት በተዘጋጀ የንባብ ምሽት ላይ አራት ሬሳና አንድ መጥረቢያ ያለበት ታሪክ ይዤ ቀረብሁ። ሦስተኛው ሰው በሚገደልበት ቦታ ላይ ቀና ብዬ ሳይ፣ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሳምቡሳውን ከቃሪያ ጋር አመቻችቶ ይገምጥ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ አንዲት ልጅ ሁለት ገጽ የማይሞላ ነገር አነበበች፤ እናቷ ከተቀበሩ በኋላ ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት፣ የእናቷ ጫማ ወደ በሩ ዞሮ ይገኝ እንደነበር የሚተርክ ነው። ያው ጎልማሳ የያዘውን ሳምቡሳ ወደ ሳህኑ መለሰው። የእኔ መጥረቢያ የሚያውቀው፣ ሊያዝንበትም ሊስቅበትም የሚችል ነገር ነበር፤ የዞረውን ጫማ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ።

ስለዚህ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከሦስቱ ቃላት አንዱን ብቻ ይጻፉ። ይህ መመሪያ ከዚህ በኋላ የሚያገለግለው «መቅፈፍ» ብለው ለጻፉ ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በእግር ይምረጡ

አንድም መስመር ከመጻፍዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ምሽት፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው በሲኒማ ኢትዮጵያ በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይውረዱ። ሰዓቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ድንግዝግዙም አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል። የሰው ዓይን ከብርሃኑ ለውጥ ጋር እስኪስማማ ድረስ ከተማው በሌላ ከተማ ይተካል። ለእርስዎ የሚጠቅምዎት ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

በሚሄዱበት ጊዜ የሚያምረውን ሳይሆን የሚሰማውንና የሚሸተውን ይመዝግቡ። የወርቅ ቤቶች መዝጊያ ላሜራ ሲወርድ የሚያሰማው ጩኸት ከየት ጀምሮ የት ያልቃል? መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚነሣው ጄነሬተር የማን ነው? በአሮጌዎቹ የእንጨት ሰገነት ባላቸው ቤቶች ደረጃ ላይ የቱ ሳንቃ ሲረገጥ ይጮሃል? ሰሚዎ ፒያሳን የሚያውቅ ከሆነ፣ በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ካመነዎት በኋላ የማይታመነውንም ሲነግሩት ይቀበልዎታል። በእነዚህ ከዋሹት ግን መልአክ ቢያመጡለትም አይሰማዎትም።

ስለ ሰፈር ስሞች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አራዳ ውስጥ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ውቤ በረሃ የሚባሉ ሰፈሮችን ያወጣ ሕዝብ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል፤ እሪ በከንቱ ማለት ቢጮሁ የሚደርስ የማይገኝበት ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ስሙን በርዕስነት አይለጥፉት፣ ትርጉሙንም አይተንትኑት። ገጸ ባሕሪው ለታክሲ ረዳት «እሪ በከንቱ ወራጅ አለ» ብሎ እንደ ዋዛ ይለፈው፤ ሰሚው ከታሪኩ በኋላ በራሱ ጊዜ ያስታውሰዋል። እንዲሁም ሰባ ደረጃን ባየ ጸሐፊ ሁሉ አእምሮ ውስጥ በመጀመሪያ የሚመጣው «ሰባ አንደኛ ደረጃ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ በሁሉም አእምሮ ስለሚመጣ ይጣሉት።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የፈረሰ ሰፈር ከቆመ ቤት ይልቅ ብዙ ይሰጣል፤ የቀድሞ ነዋሪ በዚያ ሲያልፍ አሁንም እግሩ በሌለ በር በኩል ሊታጠፍ ይቃጣዋልና። ነገር ግን ያ ሰው ያጣው ቤት እንጂ የታሪክ ማስጌጫ አለመሆኑን አይርሱ።

ደረጃ 3፦ አንድ ነገር ብቻ ያዛቡ

የአዲስ አበባ ሕዝብ የከተማዋን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። እንደሚመስለኝ ሰውን የቀፈፈው በሸራው ላይ የተተረከው ታሪክ አልነበረም፤ ሰው በሌለበት ሰው መንቀሳቀሱ ነው እንጂ። የሚያውቁት ነገር የማያውቁትን ሥራ ሲሠራ መቅፈፍ ይጀምራል። ስለሆነም በታሪክዎ ውስጥ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ሆኖ፣ አንድ ነገር ብቻ ይዛባ። ሁለት ከሆነ ሰሚው «ተረት ነው» ብሎ ይገላገላል።

ለዚህ መመሪያ ማሳያ የሚሆን ታሪክ እንሥራ። አንድ የማተሚያ ቤት ወጣት ሠራተኛ ከፒያሳ ጀርባ ባለ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቷል። አከራይዋ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እማማ ናቸው። ማታ ማታ ቡና ያፈላሉ፤ ጠጪዎቹም ሦስት ናቸው፦ እማማ፣ ተከራዩና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጋሼ። የሚዛባው ነገር እማማ ዘወትር አራት ሲኒ መቅዳታቸው ነው። ልብ ይበሉ፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ መደርደሩ ምንም አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ነው። የተቀዳው ነው ቁም ነገሩ።

ቀኑን ኅዳር 12 አድርገነዋል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከመታ ወዲህ በዚያን ዕለት ቆሻሻ አቃጥሎ ሰፈርን ማጠን ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ነው። ጢሱ እንደ ድሮው ባይሆንም ሽታው ለሰሚው የታወቀ ነው፤ በጥንት የሞቱትንም ስማቸውን ሳንጠራ ያስገባልናል። በዚያ ሰሞን ጀምበር የምትገባው 12 ሰዓት እንዳለፈ መሆኑም ይመቻል።

የሚዛባው ነገር ሕግ ይኑረው። የቆዩት የእኛ ታሪኮች ይህን ያውቁበታል፤ በክታብ ብራናዎች ላይ የሚነበበው የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ሕፃናትን ስለምትገድል ክፉ መንፈስ ሲሆን፣ የሚያሸሻት ጸሎት እንዳለም ይነግረናል፤ ክታቡ ራሱ አንዳንዴ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር። ልኬትና ደንብ ያለው ነገር ከዘፈቀደው ይልቅ ያስፈራል። የእኛ ታሪክ ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ አራተኛው ሲኒ ከተቀዳ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ሲነሣ ግን ባዶ ነው። ሕጉን እርስዎ በደብተርዎ ይጻፉት፤ በታሪኩ ውስጥ ማንም እንዳይናገረው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ከምርጫዎ እንዲያወጡ እመክራለሁ። «ቡዳ» የሚለው ስም በእጅ ሙያ የሚተዳደሩ ወገኖች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ሲገለሉበት የኖረ ስለሆነ፣ በታሪክዎ ውስጥ ጭራቅ አድርገው ቢያስገቡት ያንኑ በደል ይደግማሉ። የአእምሮ ሕመምተኛንም ማስፈራሪያ አያድርጉ። ሦስተኛው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ነው፤ መስቀል አደባባይ ያለውን የመታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ያ ጉዳይ የመዝናኛ ቅመም እንደማይሆን ይገባዋል። ስለ እሱ መጻፍ የሚፈልግ ካለ ሌላ ዓይነት ድፍረትና ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይጠይቀዋል።

ደረጃ 4፦ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ያዋቅሩት

የታሪክን አወቃቀር ከውጭ መዋስ አያስፈልግም፤ ቡናው ራሱ አለን። አቦል ወፍራም ነው፤ ቶና ለዘብ ይላል፤ በረካ ውኃ ይበዛበታል። የእርስዎም ትረካ እንዲሁ ይሁን፤ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይወፍር፣ ወደ መጨረሻው ቃሉ ይቅጠን። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መክፈቻውን በሁለት መስመር አልፎ መጨረሻው ላይ ቅጽሉን ሁሉ ያራግፋል።

በአቦል፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ገደማ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር አይደረግም። ቤቱ፣ ኪራዩ፣ የጋሼ ሳል፣ የሚጮኸው ሳንቃ፣ ከውጭ የሚገባው የኅዳር ጢስ ይተረካሉ። አራተኛው ሲኒ በዚህ ክፍል ውስጥ በዝርዝር መሀል አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሳል፤ «ለእኔ፣ ለጋሼ፣ ለራሳቸው ቀዱ፤ አንድም ጨመሩ» ተብሎ ወዲያው ወደ ፈንዲሻው ይታለፋል። ሰሚው ሳይሰማው ያለፈ መሰለው ማለት ነው፤ አላለፈውም።

በቶና ተከራዩ ሲኒውን ያየዋል፤ ለራሱም ምክንያት ያገኝለታል። «ለአድባር ይሆናል» ይላል፤ እናቱም አገር ቤት ሳሉ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያስታውሳል። ይህ ምክንያት እውነተኛና አጥጋቢ መሆን አለበት። ገጸ ባሕሪው ብልህ ካልሆነ ሰሚው ይንቀዋል፤ የናቁት ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ደግሞ አያስፈራም። ለሰሚው መጠለያ ይሥሩለት፤ በኋላ የሚያፈርሱት እሱን ነው። ማፍረሻውም ቀላል ነው፦ ተከራዩ ጋሼን «የአድባሩን ሲኒ ማን ነው የሚደፋው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሼ ወደ እማማ አየት ያደርጉና «እሳቸው አድባር አያምኑም» ይላሉ። ሌላ ማብራሪያ የለም፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ ማውራት ይቀጥላሉ።

በረካ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። እዚህ ላይ የሚደረገውን በሚቀጥለው ደረጃ በቅርብ እናየዋለን፤ ሥራው ያለው ከታሪኩ ይልቅ በግሡ ውስጥ ነውና።

ደረጃ 5፦ ፍርሃቱን በግሥ ውስጥ ይደብቁት

በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ የበረካው ክፍል እንዲህ ይል ነበር፦

«ድንገት አንድ አስፈሪ ጥላ ከጀርባዬ ታየ። እማማም ዘግናኝ በሆነ ድምፅ ሳቁ፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።»

ሦስቱንም ቃላት፣ «አስፈሪ»ን፣ «ዘግናኝ»ንና «ውርር»ን፣ ሰረዝኋቸው። ሰሚው እንዲሰማው የምንፈልገውን ስሜት ስሙን ጠርተን ስንነግረው፣ ስሜቱ ደርሶበት ያለቀ ይመስለዋል። ከስረዛው በኋላ የተጻፈው ይህ ነው፦

«እማማ ሦስተኛውን ቀዱ። ‹ጠጣ ልጄ› አሉኝ፤ ጠጣሁ። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳረፉና ፍሙን ገፋ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ ‹ይጠጡ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል› አሉ። ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ አንቱ ብለውኝ አያውቁም። ጋሼ የዚያን ዕለት አልመጡም ነበር።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ጭራቁ ያለው «ይጠጡ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አማርኛ ለአንቱታና ለብዙ ቁጥር አንድ ዓይነት ግሥ ይጠቀማል፤ «ይጠጡ» ለአንድ የተከበረ እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ብዙዎችም ሊሆን ይችላል። በአንድ ረቂቅ ላይ «ይቀዘቅዝብዎታል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያ ግን እንግዳው አንድ መሆኑን ስለሚያስታውቅ ወደ «ይቀዘቅዛል» መለስሁት። በዚህ መንገድ ሰሚው በክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ስንት እንዳሉም ሳያውቅ ይቀራል። ለሌላ ታሪክም ያገለግላል፤ ዘበኛ «ማታ ገቡ፤ በሩን እኔ ነኝ የከፈትሁላቸው» ቢል፣ የገባው አንድ ሽማግሌ ነው ወይስ ጭፍራ?

ሁለተኛው መሣሪያ ባለቤቱን የሚሰውረው ግሥ ነው። «በሩን አንኳኩ» ሲባል የሚያንኳኳ አለ፤ «በሩ ተንኳኳ» ሲባል ግን አንኳኪው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። «ተከፈተ»፣ «ተጎተተ»፣ «ተደፋ» የሚሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ታዲያ ከመጀመሪያው ጀምሮ አያብዟቸው። በአቦል ውስጥ እያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱ የታወቀ ይሁን፤ እማማ ከፈቱ፣ ጋሼ ሳቡ፣ እኔ ደፋሁ። በበረካ ላይ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ይጥፉ። ሰሚው ምን እንደተለወጠ አያውቅም፤ መለወጡን ግን ያውቃል።

ሦስተኛው፣ ግሣችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ከደረጃው በታች፣ ሳንቃው በሚጮህበት ቦታ ላይ፣ የእማማ ነጠላ» ብሎ አንባቢው ትንፋሽ ቢወስድ፣ ሰሚው ነጠላው ወደቀ ይሁን ተንጠለጠለ፣ ተቀምጧል ይሁን እየወጣ ነው፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ያንን ክፍተት ይጠቀሙበት፤ በአንድ ትረካ ውስጥ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ማታለያው ይታወቃል።

ደረጃ 6፦ በጎን ያሳዩት

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ከፊት ሲሣሉ፣ ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሠዓሊው የተከተለው የእምነት ሥርዓት ነው፤ ለእኛ ግን የሙያ ትምህርት አለበት፤ ግማሽ ፊት የቀረውን ግማሽ ተመልካቹ እንዲፈልግ ያስገድደዋል። በእኛ ታሪክ ውስጥ የእንግዳው ግማሽ ፊት ሲኒው ነው፤ ከመጉደሉ በቀር ሌላ ምንም ነገር አይታይም። እንግዳው እንዲናገር፣ እንዲተነፍስ፣ ስሙ እንዲጠራ የሚገፋፋ ፍላጎት ይመጣብዎታል፤ እምቢ ይበሉት።

ደረጃ 7፦ ይቅረጹት

መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ጸጥታ የሚገኘው ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ድምፅ ይነሣል፣ ታክሲውም ይጀምራል። ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሳጥን ያለውን ክፍል ይምረጡ፤ ጋቢውን ከራስዎ በላይ ደርበው ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያርቁ። ስልኩ ከአፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ «ፐ» እና «ጰ» ማይክሮፎኑን በትንፋሽ ይመቱታል፣ «ጠ»ና «ቀ»ም በቅርበት ሲሰሙ ይፈነዳሉ። ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ (WAV) ይቅዱ፣ ለመላክ ወደ ኤምፒ3 ይለውጡት፤ ከፍተኛው የድምፅ መጠን ከ −6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይጠብቁ። ሲጨርሱ ምንም ሳይናገሩ የክፍሉን ዝምታ ለ30 ሴኮንድ ይቅዱ፤ ዓረፍተ ነገር ቆርጠው ሲያወጡ ክፍተቱን የሚሞሉት በዚያ ነው፤ ፍጹም ባዶ ድምፅ ከሞሉበት ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል።

ከማንበብዎ በፊት በጽሑፉ ላይ የሚጠብቁና የሚላሉ ቃላትን ምልክት ያድርጉባቸው፤ ፊደላችን አይለያቸውምና። በወረቀት ላይ «ማን አለ?» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፤ «ለ» ጠብቃ ስትነበብ ማን እንዳለ ይጠይቃል፣ ላልታ ስትነበብ ማን እንደተናገረ። ለዓይን ሁለቱም አብረው መኖራቸው ደስ ይላል፤ ለጆሮ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኔ ይህን ሳላስተውል አንብቤ የታሪኩን ቁልፍ ቦታ አበላሽቻለሁ።

ከንባቡ ሌላ ሦስት ድምፅ ብቻ ያስገቡ፦ ሙቀጫ፣ የሚጮኸው ሳንቃና የቡና መቅዳት። ሦስተኛው ታላቅ መሣሪያ ነው። ዕቃ እየሞላ ሲሄድ የሚቀዳው ነገር ድምፅ እየቀጠነ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰሚው ሳያይ ሲኒው መሙላቱን በጆሮው ያውቃል። በአቦል አራቱንም ሲኒዎች ሲቀዱ ያሰሙ፤ ሲቆጥር ያልተሰማው ሰሚም ቢሆን ቆጥሯል። በበረካ ሁለት ብቻ መቀዳት ሲገባው ሦስተኛው ሲሰማ፣ ተራኪው ስለ ቁጥሩ ምንም አይበል።

ዝናብ እንዳያስገቡ። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የሚያባብል ድምፅ መሆኑ እውነት ነው፤ የእኛ ታሪክ ግን በኅዳር ነው፣ ዋናው ዝናብ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ይህን አያልፍም። የጅብ ጩኸትም ያው ነው፤ ጅብ ማታ ከተማ መግባቱ ለማንም እንግዳ ስላልሆነ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያጽናና ይሆናል። ይልቅስ ሲጮኹ የቆዩ ውሾች በአንድ ጊዜ ዝም ቢሉ ይሻላል። የበገና ድምፅ ለማጀቢያ መጠቀም በጭራሽ አይገባም፤ ለጸሎት የተለየ ነው።

ደረጃ 8፦ ለሦስት ሰው ያሰሙና ያርሙ

ሰሚዎቹን ለየብቻ፣ ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ ያሰሟቸው። እርስዎ አጠገባቸው ተቀምጠው ፊታቸውን አይዩ፤ ለማስደሰት ይፈራሉ። ሲጨርሱ «አስፈራችሁ?» ብለው እንዳይጠይቁ፤ ኢትዮጵያዊ ሰሚ ለዚህ ጥያቄ «በጣም» ብሎ ይመልሳል። የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የትኛው ደቂቃ ላይ ስልኩን አየህ፣ እና አሁን አንድ ነገር መጠየቅ ብትችል ምን ትጠይቃለህ? የመጀመሪያው መልስ የሚቆረጠውን ክፍል ያሳያል። ሁለተኛው ታሪኩ የት እንደሚሠራ ይናገራል። «እንግዳው ማን ነበር?» ካሉ ደህና ነው፤ መልስ አይስጡ። «ጋሼ ለምን ቀሩ?» ካሉ ምክንያቱ መኖር ሲኖርበት የለም ማለት ነውና በቶና ውስጥ አንድ መስመር ይጨምሩ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያረመችኝ ዕድሜዋን በሙሉ ቡና ስታፈላ የኖረችው አክስቴ ናት። ትረካው ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቃ ጥቂት ዝም አለችና፣ «አተላ ነበረው?» አለችኝ። አልገባኝም። «ሲኒው ባዶ ነው ብለሃል። ሰው የጠጣው ሲኒ አተላ ይቀረዋል፤ የተደፋው ደግሞ ከንፈሩ ላይ መሥመር ያወጣል፤ የታጠበው ምንም የለውም። የትኛው ነው?» አለች። «ሲኒው ባዶ ነበር» የሚለውን አውጥቼ፣ «ሲኒው ውስጥ አተላው ብቻ ነበር፤ ገና ሞቅ ይላል» በሚለው ተካሁት።

እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ደግመው ሲቀዱ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጋቢ ሥር፣ ስልኩን በዚያው ስንዝር አርቀው፣ በዚያው የሌሊት ሰዓት ይቅዱት፤ ከእሱ በፊት ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችም አብረው ያንብቡና፣ ድምፅዎ በዚያው ዜማ ላይ ከደረሰ በኋላ አዲሱን ብቻ ቆርጠው ያስገቡ።